የታክሲ ሰልፍን አስቀድሞ የሚነግረን ነገር ባሕር ዳር ላይ ይሠራል?

ዓባይ_ማዶ | እሑድ፣ ማታ 2:40

ሰላም ለዚህ ቤት።

አንድ ነገር ላማክራችሁ። ጠዋት ከዓባይ ማዶ ወደ መሀል ከተማ የሚሄድ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ ከ1:30 እስከ 2:30 ያለው ሰዓት ጉድ ነው። ተማሪው፣ የመንግሥት ሠራተኛው፣ ነጋዴው፣ ሐኪም ቤት ቀጠሮ ያለው በሽተኛ ሁሉም አንድ ላይ ይወጣል። ከዚያ በኋላ መንገዱ ጭር ይላል። ግማሽ ሰዓት ቀደም ወይም ዘግየት ማለት የሚችል ሰው መቼ እንደሚቀል ቢያውቅ ኖሮ አይጋፋም ነበር። ግን በምን ይወቅ?

ሌላው ዓለም ለዚህ መላ አበጅቷል። ጎግል ማፕስ እ.አ.አ. በ2019 ወደ 200 በሚጠጉ ከተሞች አውቶቡሱና ባቡሩ ምን ያህል እንደሚጨናነቅ መገመት ጀመረ። መረጃውን የሚያገኘው ከተሳፋሪው ነው። ከወረድክ በኋላ «ወንበር ነበረ? ቆመህ ሄድክ? ወይስ ታጭቃችሁ ነበር?» እያለ ይጠይቅሃል። ሲንጋፖር ደግሞ ሰው ሲሳፈርም ሲወርድም ካርዱን ማሽን ያስነካል። ስለዚህ አውቶቡሱ ውስጥ ስንት ሰው እንዳለ ይታወቃል። ስልክህ ላይ አረንጓዴ ካየህ ወንበር አለ፣ ቢጫ ከሆነ ቆመህ ትሄዳለህ፣ ቀይ ከሆነ ለመቆምም ይጠብሃል።

እኔን የገረመኝ የቶኪዮው ነው። የያማኖቴ መስመር ባቡር 11 ፉርጎ አለው። የየፉርጎው ክብደት የሚለካው ከሥሩ ባለው የአየር ስፕሪንግ ግፊት ነው። ሰው ሲበዛ ግፊቱ ይጨምራል፣ ያ ቁጥር ወደ መተግበሪያው ይሄዳል። ተሳፋሪው ገና ባቡሩ ሳይመጣ የትኛው ፉርጎ ቀለል እንደሚል አይቶ እዚያ በር ጋ ይቆማል።

እኔ ትንሽ ኮድ እሞካክራለሁ። ለባሕር ዳር እንዲህ ያለ ነገር ብሠራ ትጠቀሙበታላችሁ? ጠዋት ከቤት ከመውጣታችሁ በፊት ምን ማወቅ ትፈልጋላችሁ?

የሽምብጥ_ልጅ | እሑድ፣ ማታ 2:52

ጠዋት ላይ ባዶ ወንበር? ሃሃሃ። መተግበሪያም አያስፈልግህ፣ እኔ ልንገርህ። ነገ ቀይ ነው። ከነገ ወዲያም ቀይ ነው። ሐሙስ ደግሞ ጠቆር ያለ ቀይ።

ረዳት_ነበርኩ | እሑድ፣ ማታ 3:15

ወንድሜ ዓባይ_ማዶ፣ ሐሳብህ ጥሩ ነው። ግን የውጭውን እንዳለ ብታመጣው አይሆንም።

እነሱ ዘንድ አውቶቡሱ ሰዓቱ ሲደርስ ይነሳል፣ ሰው ኖረም አልኖረም። ስለዚህ አንዱ ሲሞላ አንዱ ባዶ ይሆናል። ምርጫ አለህ። የኛ ታክሲ ግን ሲሞላ ነው የሚነሳ። ከመነሻው የወጣ ታክሲ ሁሉ ሙሉ ነው። «ይህ ታክሲ ሞልቷል» ብለህ ብትነግረኝ ምን ነገርከኝ? የኛ መጨናነቅ ያለው መኪናው ውስጥ ሳይሆን ታች ሰልፉ ላይ ነው። የምትለካው ነገር ከፈለግህ ሰልፉን ለካ።

ሁለተኛ፣ ሹፌር እንዴት እንደሚያስብ ልንገርህ፤ በረዳትነት ሠርቻለሁና። ጠዋት ሰው ሁሉ ወደ መሀል ነው የሚሄድ። ጢም አድርገህ ጭነህ ትመጣለህ፣ ስትመለስ ግን ባዶህን ነው። የነዳጁ ግማሽ ለባዶ መንገድ ይቃጠላል። ታዲያ ሹፌሩ ምን ያደርጋል? አንዱ መሀል ላይ ቆሞ ሰው እስኪያገኝ ይጠብቃል። ያኔ እናንተ ዓባይ ማዶ ላይ ትደርቃላችሁ። ሌላው መንገዱን ይቆርጠዋል። እስከ ግማሽ ያደርስና «እዚህ ድረስ ነው» ብሎ ያወርዳል፣ ለቀሪው መንገድ እንደገና ይጭናል። ተሳፋሪው ሁለቴ ይከፍላል፣ ሁለቴ ይሰለፋል። ሹፌሩን ለመክሰስ አይደለም ይህን የምለው። ነዳጅ ለመቅዳት ሰልፍ ላይ ያደረ ሰው ሂሳቡን ማስላቱ የት ይቀራል።

ስለዚህ ለተሳፋሪ ብቻ የሚናገር ነገር ከሠራህ ግማሹን ነው የሠራኸው። «ዓባይ ማዶ የ3 ታክሲ ሰው ቆሟል» የሚለውን መሀል ላይ ለቆመው ሹፌር ንገረው። ባዶውን የሚመጣበት ምክንያት ያገኛል። ሙሉ ጭኖ እንደሚመለስ እርግጠኛ ከሆነ ማንም አይለምነው።

ዓባይ_ማዶ | እሑድ፣ ማታ 3:24

ይህን አላሰብኩትም ነበር። እኔ ሰውን ከሰልፉ ላሸሽ ነበር ያሰብኩ፣ አንተ ታክሲውን ወደ ሰልፉ ልጥራው ትላለህ። ያንተው ይሻላል መሰለኝ። «የ3 ታክሲ ሰው» የሚለው መለኪያም ጥሩ ነው። ሰው ቆሞ ራስ አይቆጥርም፣ ግን የስንት ታክሲ ሰው እንዳለ በዓይኑ ይገምታል።

ተረኛዋ | እሑድ፣ ማታ 3:41

እኔ ነርስ ነኝ። መቀመጫ አላማረኝም፣ ሞተር ላይም ቢሆን ተቀምጬ እሄዳለሁ። ማወቅ የምፈልገው ስንት ደቂቃ እንደምቆም ነው። የጠዋት ተረኛ ስሆን የማታዋ ጓደኛዬ እኔ ካልደረስኩ መውጣት አትችልም። ሌሊቱን ሙሉ ቆማ ያደረች ልጅ ናት። 20 ደቂቃ እንደምቆም ባውቅ 20 ደቂቃ ቀድሜ እወጣለሁ፣ አለቀ። ስለማላውቅ ግን ሁልጊዜ ለክፉው ቀን አስቤ ነው የምወጣ። ታክሲው ቶሎ የተገኘ ዕለት ደግሞ በር ላይ ፀሐይ ስሞቅ እገኛለሁ።

ወንዶቹ የማታነሱት ሌላም ነገር አለ። ግፊያው ለሴት መዘግየት ብቻ አይደለም። በሩ ላይ ሰው ሲረባረብ ማን ምን እንደነካሽ አታውቂም። አንድ እጅ ቦርሳ ላይ፣ አንድ እጅ ስልክ ላይ፣ ክርን ወደ ውጭ። በሩን የሚይዝ ሦስተኛ እጅ የለም። ስለዚህ ለኔ «ሰልፉ አጭር ነው» ከሚለው በፊት «ሰልፍ ነው ወይስ ግፊያ?» የሚለው ይቀድማል። ተራ አስከባሪ ያለበት ቦታ ሰልፉ ቢረዝምም ሰው በተራው ይገባል። ተራ አስከባሪ የሌለበት ቦታ 10 ሰው ራሱ ጦርነት ነው። ይህን የሚነግረኝ ነገር ከሠራህ እኔ የመጀመሪያዋ ተጠቃሚ ነኝ።

ብስክሌተኛው | እሑድ፣ ማታ 3:50

ይህን ሁሉ የምታወሩት ባሕር ዳር ላይ ቁጭ ብላችሁ ነው? ሜዳ ከተማ ይዛችሁ? አባቶቻችን ይህን ከተማ በብስክሌት ነው የኖሩበት። አሁን ሁሉም ባጃጅ ካልሆነ ይላል። በ2016 የተመረቀው አዲሱ የዓባይ ድልድይ 380 ሜትር ነው፣ ለእግረኛና ለብስክሌት የተለየ መሄጃ አለው። ያን ድልድይ በጠዋት አየር በብስክሌት መሻገር እያለ ታክሲ ውስጥ የሰው ብብት ማሽተት ምን ይሉታል?

ተረኛዋ | እሑድ፣ ማታ 3:54

በሐምሌ ዝናብ፣ በነጭ ጋውን?

የሽምብጥ_ልጅ | እሑድ፣ ማታ 3:58

የብስክሌት ዋጋ በቅርቡ ጠይቀሃል ወይ ብስክሌተኛው? ደግሞ ሥራ ቦታ ደርሰህ የት ነው የምታቆመው? የእኛ ቢሮ ጥበቃ «ለመኪና ብቻ» ይላል።

ብስክሌተኛው | እሑድ፣ ማታ 4:03

እሺ ዋጋውን አምናለሁ። ሐምሌንም አምናለሁ። ከመስከረም እስከ ግንቦት ግን ምንም ምክንያት የላችሁም።

ጡረተኛው_መምህር | ሰኞ፣ ጠዋት 3:10

ልጆቼ፣ እንደምን አደራችሁ። ንግግራችሁ ደስ አለኝ፣ እኔም አንድ ነገር ልጨምር።

እኔ በዚህ ስልክ ከማየት በቀር ብዙም አልችልበትም። ሰው መቼ እንደሚጎርፍ የሚነግረኝ ግድግዳዬ ላይ የተሰቀለው የቀን መቁጠሪያ ነው። ወር በገባ በ23 ጠዋት በጊዮርጊስ በኩል ታክሲ አልሞክርም። ሚያዝያ 23 ከሆነማ ዓመታዊው ንግሥ ነውና ከናካቴው ጉዳዬን ለሌላ ቀን አዛውራለሁ። በ21 ማርያም፣ በ27 መድኃኔ ዓለም አለ። ቅዳሜ የገበያ ቀን ነው፣ ከገጠር የሚገባው ሰው ከነሸክሙ ነው። የጥምቀት ሰሞን ከከተራው ጀምሮ መንገድ ይዘጋል። ዩኒቨርሲቲው ተማሪ የሚጠራ ሰሞን ፔዳና ፖሊ በር ላይ ሻንጣ የያዘ ልጅ ታክሲውን ሁሉ ይዞታል። ስታዲየም ጨዋታ ካለ ደግሞ ማለቂያው ሰዓት ላይ አለመውጣት ነው።

ዓርብን አትርሱ። በሌላው ቀን ቢሮ ለምሳ የሚወጣው በ6:30 ነው። ዓርብ ግን በ5:30 ይወጣል። ይህን የማያውቅ እንግዳ ዓርብ 5:30 ላይ መንገድ ላይ ይወጣና «ዛሬ ምን ሆኗል?» ይላል። ምንም አልሆነም፣ ዓርብ ነው።

ዓባይ_ማዶ | ሰኞ፣ ጠዋት 4:00

ጋሼ፣ እንደምን አደሩ። በጣም አመሰግናለሁ። እነ ጎግል የሚሠሩት ትንበያም እኮ ከዚህ ብዙ የራቀ አይደለም። ያለፈውን ያያሉ፣ ቀኑንና ሰዓቱን ያያሉ፣ ከዚያ ይገምታሉ። ልዩነቱ ማሽኑ በፈረንጅ ወር ከቆጠረ የኛ 23 አንዴ በ1፣ አንዴ በ2፣ አንዴ በወሩ መጨረሻ ላይ ይውልበታል። መደበኛ የሆነውን ነገር ዱብ ዕዳ ያደርገዋል። እርስዎ የዘረዘሩትን ብቻ አንድ ገጽ ላይ ባስቀምጠው ግማሹ ሥራ አለቀ ማለት ነው። ፈቃድዎ ከሆነ እወስደዋለሁ።

ጡረተኛው_መምህር | ሰኞ፣ ጠዋት 4:20

ውሰድ ልጄ። የሚካኤልን 12 ረስቼዋለሁ፣ ጨምርበት።

ዜሮ_ዳታ | ሰኞ፣ ቀን 7:05

ይቅርታ፣ እኔ ውኃ ልቸልስበት ነው።

አንደኛ፣ «ፓፒረስ ጋ ሰው የለም» ብላችሁ ለሁሉም ከነገራችሁ ሁሉም ወደ ፓፒረስ ይሮጣል። በ10 ደቂቃ ውስጥ ፓፒረስ ጋ ሰው ይታጨቃል። ትልልቆቹ ከተሞች ላይ ይህ ብዙም የማይታየው አብዛኛው ሰው ስልኩን ሳያይ ስለሚሄድ ይሆናል። የኛ ከተማ ትንሽ ናት፣ ወሬ ደግሞ ከታክሲ ይፈጥናል።

ሁለተኛ፣ ዳታ። ከ2015 ሐምሌ መጨረሻ ጀምሮ በክልሉ የሞባይል ዳታ ተቋርጦ ለወራት መቆየቱን ረሳችሁት እንዴ? ያኔ ስልካችን የእጅ ባትሪና ሰዓት ነበር። ዳታው ሲኖርም ሰልፍ ላይ ከቆመው ሰው ስንቱ ነው ስማርት ስልክ ያለው? የቤት ሠራተኛዋ፣ የቀን ሠራተኛው፣ ጎመን ተሸክማ የምትገባዋ እናት ተራ ስልክ ነው የያዙት። እናንተ ስልካችሁን አይታችሁ ቀድማችሁ ትሄዳላችሁ፣ እነሱ ግን በሰልፉ ይቀራሉ።

ረዳት_ነበርኩ | ሰኞ፣ ቀን 7:30

ዜሮ_ዳታ፣ ይህን ለተሳፋሪ ካሰብከው ልክ ነህ። ለሹፌር ካሰብከው ግን አይደለህም። አንድ ሹፌር መረጃውን አይቶ ዓባይ ማዶ ከመጣ ሰልፉ ላይ ያለው ሁሉ ይጠቀማል። ጎመን የተሸከመችውም ትገባለች፣ ስልክ ኖራት አልኖራት። ታክሲው «ስልክ አሳዩኝ» አይልም።

ካርታ_ወዳድ | ሰኞ፣ ማታ 1:45

ዘግይቼ ደረስኩ። ከቴክኒኩ በኩል ትንሽ ልበል።

የዓለም መተግበሪያዎች ስለ አውቶቡስና ባቡር የሚነጋገሩበት ጂቲኤፍኤስ የሚባል የጋራ የፋይል አቀማመጥ አለ። እ.አ.አ. በ2005 ገደማ የአሜሪካዋ ፖርትላንድ ከተማ ትራንስፖርትና ጎግል አብረው ነው የጀመሩት። የትኛው መስመር፣ የት ፌርማታ፣ በስንት ሰዓት የሚለውን ይይዛል። በኋላ በቀጥታ የሚላከው ዓይነት መጣ፤ እሱ ላይ «የሰው ብዛት» የሚባል ሳጥን አለ፣ ከ«ባዶ» እስከ «ማንም አይገባም»። ሲንጋፖርም ሌላውም የሚያሳየው ቀለም ከዚህ ዓይነት ሳጥን ነው የሚመጣው።

የኛ ችግር መስመሩ ራሱ የትም አለመጻፉ ነው። ሁሉም ነገር በሰው አፍ ነው ያለው። ይህ ግን የኛ ብቻ አይደለም። ናይሮቢ ማታቱ የሚባሉት ሚኒባሶች እንደኛው ነበሩ። የናይሮቢ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከአሜሪካዎቹ ኤምአይቲና ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲዎች ሰዎች ጋር ሆነው ስልካቸውን ይዘው ማታቱ እየተሳፈሩ መስመሩን መዘገቡ። እ.አ.አ. በ2014 ካርታው ወጣ፣ በዓመቱ ጎግል ማፕስ ላይ ገባ። ያደረጉት ይኸው ነው፦ ተሳፈሩ፣ ጂፒኤስ ከፈቱ፣ የቆመበትን ሁሉ ጻፉ። ባሕር ዳር ከናይሮቢ ጋር ስትተያይ ጣት የምታህል ናት። ጥቂት ሰው ተባብሮ መስመሮቹን ይጨርሳቸዋል።

የሚቀያየረው ሰልፉ ነው። እሱ ደግሞ ከባድ ሒሳብ አይፈልግም። ሁለት ነገር ብቻ ንገሩኝ፦ የስንት ታክሲ ሰው እንደቆመና ታክሲ በስንት ደቂቃ አንዴ እንደሚመጣ። ከፊትህ 36 ሰው ካለና አንድ ታክሲ 12 ከጫነ አንተ 4ኛው ላይ ነህ። ታክሲ በየ6 ደቂቃው ከመጣ ቢበዛ 24 ደቂቃ ትቆማለህ። ተረኛዋ የጠየቀችው ቁጥር ይኸው ነው። ሰልፉ አጭር ሆኖ ታክሲ ከጠፋ ረጅሙ ሰልፍ ይሻላል። ስለዚህ የሰልፉን ርዝመት ብቻ ማሳየት ሰውን ያሳስታል።

ረዳት_ነበርኩ | ሰኞ፣ ማታ 2:02

12 ብለህ አታስላ። ጠዋት ትርፍ አለ። በርጩማ አለ፣ «ጠጋ ጠጋ በሉ» አለ። 15 ይገባል።

ካርታ_ወዳድ | ሰኞ፣ ማታ 2:06

ትርፉን ከጻፍነው ፈቀድንለት ማለት ነው። 12 ይሁን፣ ሰው ከተባለው ቀድሞ ቢገባ ማን ይከሰናል?

ረዳት_ነበርኩ | ሰኞ፣ ማታ 2:19

ይህም ያስኬዳል። ስለ ደቂቃው ግን ልንገራችሁ፣ መረጃው እኮ አለ። መነሻ ላይ ያለውን ተራ አስከባሪ አይታችሁት ታውቃላችሁ? ጠዋት እጁ ላይ እስክሪብቶና የተጣጠፈ ወረቀት አለ። ታክሲ በገባ ቁጥር ታርጋውን ይጽፋል፣ ተራው የደረሰውን ይሰርዛል፣ የተራውን ሂሳብ ይቀበላል። ማታ ላይ ያ ወረቀት በላብ ርሶ፣ ጠርዙ ተበልቶ ኪሱ ውስጥ ይገኛል። ስንት ታክሲ እንደወጣ እዚያ ላይ ተጽፏል። የሚጎድለው ሰዓቱ ብቻ ነው። ከታርጋው አጠገብ ሰዓት ቢጽፍ ያ ብጣሽ ወረቀት የቶኪዮውን ስፕሪንግ ይተካላችኋል። አንድ ወር ሰብስባችሁ ብታዩት በየትኛው ቀን፣ በየትኛው ሰዓት ታክሲ እንደሚጠፋ ቁልጭ ብሎ ይወጣል።

ግን በነፃ አታስቡት። ልጁ የዕለት እንጀራው ነው። ሰዓት እንዲጽፍላችሁ ከፈለጋችሁ ቢያንስ የካርድ ሙሉለት።

የቢሮ_ሰው | ማክሰኞ፣ ጠዋት 4:35

ሁላችሁም ታክሲውን ነው የምታባብሉት። ለምን ሰዓቱን አትነኩትም?

ይህ ከተማ ምሳውን ቤቱ የሚበላ ከተማ ነው። 2:30 መግቢያ፣ 6:30 መውጫ፣ 7:30 መግቢያ፣ 11:30 መውጫ። በቀን አራት ጊዜ ሁላችንም በአንድ ደወል እንንቀሳቀሳለን። ተማሪውም በዚያው ሰዓት ገደማ ነው። የትኛው ታክሲ ነው ይህን የሚችለው? ቀኑን ሙሉ ቆሞ የሚውል መኪና ብትጨምሩም ለዚያች ግማሽ ሰዓት አይበቃም።

ሲንጋፖር መተግበሪያ ብቻ አልሠራም። እ.አ.አ. ከ2013 እስከ 2017 መሀል ከተማ ያሉ የተመረጡ የባቡር ጣቢያዎች ከጠዋቱ 1:45 በፊት ደርሶ ለወጣ ሰው ጉዞው በነፃ ነበር። በኋላ ነፃው ቀርቶ ቅናሽ ሆነ። ሰውን በገንዘብ ከሰዓቱ ማስነሳት ማለት ነው። እኛ ነፃ ማድረግ አንችልም። ግን አንድ መሥሪያ ቤት 2:00 ገብቶ 11:00 ቢወጣ፣ ሌላው 3:00 ገብቶ 12:00 ቢወጣ ማን ይጎዳል? ወንበሩ ላይ እስከ 3:00 ሻይ ነው የሚጠጣበት፣ እውነቱን እንነጋገር።

የሽምብጥ_ልጅ | ማክሰኞ፣ ጠዋት 4:50

የሻዩን ነገር ባታነሳብን።

ተረኛዋ | ማክሰኞ፣ ቀን 6:15

የቢሮ_ሰው፣ ሐሳብህ እውነት ነው። ግን ልጅ ያለው ሰው ምን ያድርግ? ትምህርት ቤቱ በ2:00፣ እናትየው በ3:00 ከሆነ ግሩም ነው። ተገላቢጦሽ ከሆነ ግን ልጁን ማን ያደርሰዋል? የሰዓቱን ነገር ስታስቡ መጀመሪያ የትምህርት ቤቱን እዩት። ደግሞ ያ መመሪያ ይጠብቃል። የዓባይ_ማዶ ነገር የማንንም ፊርማ አይጠብቅም።

ከዘጌ | ማክሰኞ፣ ቀን 8:40

እኛን የጀልባዎቹን የሚያስታውስ የለም? ከዘጌ የሚነሳውም ጀልባ ሲሞላ ነው የሚነሳ። ልዩነቱ ጀልባ ላይ «ጠጋ በሉ» ሲሉህ ውኃውን ታያለህ። ከሰዓት በኋላ ጣና ሲናወጥ ትርፍ የጫነ ጀልባ ላይ መሳፈር ሌላ ነገር ነው። ለእኛ «ሞልቷል» የሚለው መረጃ ከደቂቃ መቆጠብ በላይ ነው። ታክሲውን ስትጨርሱ ወደኛ ኑ።

ዓባይ_ማዶ | ማክሰኞ፣ ማታ 2:30

ሁሉንም አነበብኩ። መተግበሪያ የሚለውን ትቼዋለሁ። በቴሌግራም ቡድን ነው የምጀምረው። ሁሉም ስልኩ ላይ አለው፣ ኔትወርኩ ሲደክምም ጽሑፍ ብቻ ስለሆነ ያልፋል።

ሦስት ቦታ ብቻ ነው የምይዘው፦ ዓባይ ማዶ፣ ፓፒረስ፣ ፔዳ በር። ሰልፍ ላይ የቆመ ሰው አንድ መስመር ይጽፋል። ለምሳሌ «ዓባይ ማዶ፣ የ3 ታክሲ፣ ሰልፍ» ወይም «ፔዳ በር፣ የ1 ታክሲ፣ ግፊያ»። የመጨረሻዋ ቃል የተረኛዋ ሐሳብ ናት። ቦቱ (ቡድኑ ውስጥ በራሱ የሚሠራው ፕሮግራም) ከ15 ደቂቃ በላይ የቆየውን ያጠፋዋል፣ አርጅቶ ሰው እንዳያሳስት። የጋሼ የቀን መቁጠሪያ ከላይ ተለጥፎ ይቀመጣል። የሹፌሮቹ ቡድን ለብቻው ነው፣ እዚያ የሚሄደው «የት ሰው አለ» የሚለው ብቻ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ አስቤ ነበር። ቴሌግራም ላይ ያለህበትን ቦታ ለ15 ደቂቃ፣ ለ1 ሰዓት ወይም ለ8 ሰዓት በቀጥታ ማሳየት ይቻላል። ረዳቶቹ ለ8 ሰዓት ቢከፍቱት ታክሲው የት እንደደረሰ ሁላችንም እናያለን። ምን ትላላችሁ?

ተረኛዋ | ማክሰኞ፣ ማታ 2:38

ተሳፋሪ እንዳይሞክረው አጥብቀህ ጻፍ። ገና በጨለማ የምትወጣ ልጅ የት እንደቆመች ለማታውቀው ቡድን ሁሉ ልታሳይ ነው? ስሟም ስልኳም እንዳይታይ አድርገው።

ረዳት_ነበርኩ | ማክሰኞ፣ ማታ 2:55

ረዳቶቹም አያደርጉት። ባለንብረቱ መኪናው የት እንደዋለ እንዲያይባቸው አይፈልጉም፣ ምክንያቱን አትጠይቁኝ። «የት ሰው አለ» የሚለው ይበቃል። እሱንም ቢሆን ረዳቱ ነው የሚያነበው። ሹፌሩ እየነዳ ስልክ ከነካ እኔ ራሴ ነኝ ከቡድኑ የማስወጣው።

ተራ አስከባሪዎቹን እኔ አናግራቸዋለሁ። ሁለቱን በደንብ አውቃቸዋለሁ። አንተ ብትሄድ «ከየት ነው የተላከው» ነው የሚሉህ።

ዓባይ_ማዶ | ማክሰኞ፣ ማታ 3:01

እሺ፣ የቀጥታ ቦታው ቀርቷል። የጻፈው ሰው ስምም አይወጣም፣ መልእክቱን ቦቱ ነው የሚለጥፈው። የካርዱን ነገር እኔ እችለዋለሁ። ንገርልኝ፣ ባለውለታህ ነኝ።

ዜሮ_ዳታ | ማክሰኞ፣ ማታ 3:10

እኔ አሁንም አላመንኩም። ግን ፔዳ በር ጠዋት ጠዋት እኔ ነኝ የምቆመው፣ እዚያ ያለውን እጽፋለሁ። ዳታ ከጠፋ በቴክስት የሚቀበል ስልክ ቁጥር አዘጋጅ። እሱ ከሌለ የለሁበትም።

ዓባይ_ማዶ | ማክሰኞ፣ ማታ 3:14

በቴክስት የሚገባውን ለጊዜው በእጄ እገለብጠዋለሁ፣ ከ1:00 እስከ 2:30። ከዚያ በላይ ሥራ አለብኝ።

ተረኛዋ | ማክሰኞ፣ ማታ 3:20

የማታውስ? ከ12 ሰዓት በኋላ ታክሲው ሲሳሳ ነው እኮ ዋናው ጭንቅ። ያኔ ሰልፍ ራሱ የለም፣ ያለው ኮንትራት ባጃጅ ነው፣ እሱም የፈለገውን ነው የሚጠራ።

ካርታ_ወዳድ | ማክሰኞ፣ ማታ 3:27

የማታው ሌላ ሒሳብ ነው። በአንድ አቅጣጫ የሚሄዱ 3 ሰዎች ከተገናኙ አንድ ባጃጅ ኮንትራት ይዘው ይካፈላሉ። ቡድኑ ላይ «ከሆስፒታል ወደ ዓባይ ማዶ፣ 1:20፣ ማን አለ?» የሚል ክፍል ይከፈት። ሴቶች ብቻ የሚጽፉበት ለብቻው ይሁን።

ዓባይ_ማዶ | ማክሰኞ፣ ማታ 3:33

የሴቶቹን ክፍል ተረኛዋ ትያዘው፣ እኔ አልገባበትም። ሊንኩን ሐሙስ ማታ እዚሁ እለጥፋለሁ። ዓርብን ግን አንጀምርባት፣ 5:30 ላይ ምን እንደሚሆን ጋሼ ነግረውናል። ሰኞ ይሁን።

ረዳት_ነበርኩ | ማክሰኞ፣ ማታ 3:36

ሰኞ ከዓርብ ይብሳል። ማክሰኞ አድርገው።